ፊት ሲነጣ፦ ከጄሲካ በሽር ካሜራ እስከ ድሬዳዋ ፎቶ ቤቶች

እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1883 ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ከሐረር ለቤተሰቦቹ ደብዳቤ ጻፈ። ያን ጊዜ ከተማዋ በግብፆች እጅ ነበረች፤ እርሱም ግጥም መጻፉን ትቶ ንግድ ይዟል። በደብዳቤው ውስጥ ራሱን በራሱ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ጨመረ። በአንዱ በቤቱ ሰገነት ላይ ቆሟል፤ በሌላው በቡና ተክል መካከል ይታያል፤ በሦስተኛው እጆቹን አጣምሮ በሙዝ አትክልት ውስጥ ነው። ካሜራው ከሊዮን በብዙ ወጪና ድካም የመጣ ነበር። ምስሎቹ ግን ነጡ። ምክንያቱን ራሱ ለቤተሰቦቹ ነገራቸው፤ የሚያጥብበት ውኃ መጥፎ ስለሆነ ሁሉም ነጥቷል፣ ወደፊት ግን የተሻለ ይሠራል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ካሜራውን ሸጠ።

ሐረር «ራምቦ ቤት» በሚባለው ሙዚየም የቆዩ ፎቶግራፎችን ባየሁ ቁጥር ያ ደብዳቤ ትዝ ይለኛል። ያኔ ፊትን ያነጣው ውኃ ነበር። ዛሬ በሁለቱ ከተሞቻችን ፎቶ ቤቶች ውስጥ ፊት የሚነጣው ታስቦበትና ተከፍሎበት ነው።

ድሬዳዋ ከዚራም ይሁን መጋላ፣ ሐረርም ፈረስ መጋላ አካባቢ፣ የሠርግ ቪዲዮ በሚሠራ ቤት ውስጥ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው ይህን ያያል። ወጣቱ ኤዲተር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ የሙሽራዋን ፊት ያበራል፤ ከዐይኗ በታች ያለውን ጥላ ይጠርጋል፤ የጠይም ቆዳዋ ቀለም ወደ ሮዝ እስኪያደላ ድረስ ይገፋዋል። ከኋላው የሙሽራዋ እናት ወይም አክስት ቆመዋል። «ትንሽ ይብራ እንጂ ልጄ፣ ጠቆረች እኮ» ይላሉ። እርሱም «እሺ እማማ» ብሎ ይጨምራል። በቤተሰቡ አልፈርድም፤ የደስታቸው ቀን ነው፣ የሚከፍሉትም እነርሱ ናቸው። የሚያሳስበኝ ልጁ ነው። መቶ ሠርግ እንዲህ የሠራ ሰው፣ ጥላ ማለት የሚጠረግ ቆሻሻ እንደሆነ እጁ ለምዶታል። አንድ ቀን ፊልም እንዲቀርጽ ቢጠራ የመጀመሪያው ችግሩ የካሜራ እጥረት አይሆንም። ጨለማን መተው አለመቻሉ ነው የሚይዘው።

የሲኒማቶግራፈር ሥራ ዋናው ክፍል እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በአማርኛ «ካሜራ ባለሙያ» ስንል ካሜራውን የተሸከመውን ሰው እናስባለን። በፊልም ሥራ ግን ሲኒማቶግራፈሩ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ በየትኛው ሌንስ እንደሚታይ፣ ፊቱ ምን ያህል እንደሚጨልምና ተመልካቹ ምን እንዳያይ እንደሚደረግ ከዳይሬክተሩ ጋር የሚወስን ሰው ነው። በብዙ አገር ወደዚህ ደረጃ የሚደረሰው በመሰላል ነው፤ አንዱ ካሜራ በማጽዳትና ባትሪ በመሙላት ይጀምራል፣ ቀጥሎ ርቀት እየለካ የምስሉን ጥራት ያስተካክላል፣ ከዚያ ካሜራውን ይይዛል፣ በመጨረሻ የብርሃኑን ውሳኔ ይረከባል። ድሬዳዋ ውስጥ ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው። ቀራጩ፣ መብራት ያዡ፣ ድምፅ ቀጂውና አንዳንዴም ሹፌሩ አንድ ነው።

ይህ ብቸኝነት በራሱ ጉድለት እንዳልሆነ ያሳየችን ሐረር ያደገች ሴት ናት። ጄሲካ በሽር ከኢትዮጵያዊ አባትና ከሜክሲኳዊት እናት በሜክሲኮ ሲቲ ተወልዳ በሐረር አደገች። በደርግ ዘመን፣ 16 ዓመቷ ሳለ፣ ቤተሰቡ አገር ለቆ ወጣ። ከዚያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ፊልምና ሥነ ጽሑፍ ተማረች። ከብዙ ዓመት በኋላ አያቷን ልትጠይቅ ወደ ሐረር ተመለሰች፤ ደግማ ተመለሰች፤ መመላለሱም ልማድ ሆነ። በ2017 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የታየው «ሐይራት» የተባለው አጭር ፊልሟ ሐረር ላይ በሌሊት ጅብ ስለሚመግብ ሰው ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ፋያ ዳዪ» የተባለው ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ዘጋቢ ፊልሟ በዚያው ፌስቲቫል ቀረበ፤ በዚያው ዓመት ስዊዘርላንድ ውስጥ በሚካሄደው ቪዚዮን ዱ ሬል ታላቁን ሽልማት አገኘ፤ ለኦስካር በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ከዕጩነት በፊት በሚወጣው የ15 ፊልሞች አጭር ዝርዝር ውስጥም ገባ። ዳይሬክተሯ እርሷ ናት፤ ካሜራውን የያዘችውም እርሷ ናት። ቀረጻው አሥር ዓመት ያህል ፈጅቷል።

ፊልሙ ስለ ጫት ነው፤ የተቀረጸው በጥቁርና ነጭ ነው። ይህን ውሳኔ የሐረርን ወይም የአወዳይን ሰው ያህል የሚገረምበት ያለ አይመስለኝም። አወዳይ ገበያ ላይ የቆመ ሰው ጫትን የሚያውቀው በአረንጓዴው ነው፤ ዋጋውን እንኳ የሚገምተው በቅጠሉ ቀለም ነው። ሐረርም በቀለም የምትነገር ከተማ ናት፤ የሴቶቹ ቀሚስ፣ የጀጎል ግድግዳ ሮዝና ሰማያዊ፣ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች የሰቀሉት ጨርቅ። ጎብኚ ሁሉ ያንን ይዞ ይሄዳል። ጄሲካ ይህን ሁሉ ነጠቀችን። ቀለሙ ሲወሰድ የቀረው የሚጨስ ዕጣን፣ በጭሱ ውስጥ የሚያልፍ የብርሃን ዘንግ፣ ቅጠል የሚለይ እጅ፣ መጋረጃ ያለበት በር፣ ግማሹ በጨለማ ያለ ፊት ነው። ማኡል ሐያት የተባለውን የሕይወት ውኃ ፍለጋ ስለወጡት ሰው የሚተርከው የሱፊዎች አፈ ታሪክ በፊልሙ ውስጥ ይመላለሳል፤ ቀጥሎም ወደ ባሕር ማዶ ለመሰደድ የሚያልም ታዳጊ ፊት ይመጣል። ሁለቱን ያያያዘው ትረካ ብቻ አይመስለኝም። ብርሃኑ አንድ ነው። ፊቶቹ ጥቁር ናቸው፤ ጥቁርነታቸው ግን ባዶ አይደለም። ጉንጭ ላይ ያለው ወዝ፣ ግንባር ላይ ያለው መስመር፣ ዐይን ውስጥ ያለው የበር ነጸብራቅ በግልጽ ይታያል።

ይህ ችሎታ ከየት እንደሚመጣ ስንጠይቅ ወደ ሌላ ኢትዮጵያዊ እንደርሳለን። በ1946 እ.ኤ.አ. ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ፣ ጄሲካ ኋላ በተማረችበት በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተምሮ፣ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት አስተማረ። ከዚያ ግቢ የወጡ የካሜራ ሰዎችን መቁጠር ያስደንቃል። ኧርነስት ዲከርሰን ሀዋርድ የገባው ሥነ ሕንፃ ሊማር ነው፤ በሕክምና ትምህርት ቤቱ ቀዶ ሕክምና ፎቶ የሚያነሣ ሠራተኛም ነበር። አርተር ጃፋም ከዚያው ነው። ብራድፎርድ ያንግ ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. በሲኒማቶግራፊ ለኦስካር የታጨ የመጀመሪያው አፍሪካ አሜሪካዊ ሆነ፤ የታጨውም «አራይቫል» በተባለው ፊልም ነው። ከዚያ በፊት በሰንዳንስ በ2011 እና በ2013 እ.ኤ.አ. የሲኒማቶግራፊ ሽልማት ወስዷል። የያንግ ምስሎች ጨለም ያሉ ናቸው። ከመስኮት የሚገባውን ብርሃን ወይም ክፍሉ ውስጥ ያለውን አምፖል ይይዛል፤ የጥቁር ሰው ፊት ላይ መብራት አያፈስስም። ስለዚህ አሠራሩ ሲጠየቅ ደጋግሞ የሚያነሣው የፊልም ሰው ሳይሆን ፎቶግራፈር ነው፤ ሮይ ዲካራቫን። ዲካራቫ የኒው ዮርክ ሐርለም ሰዎችን ሲያነሣ ጥላውን እንደ ጥላ አትሞ የተወ ሰው ነበር።

እንግዲህ የእነዚህ ሰዎች የጥበብ መነሻ ሥነ ሕንፃ ነው፣ የሆስፒታል ፎቶ ነው፣ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ነው፣ የአያት ቤት ነው። ከካሜራ በፊት ማየትን ያስተማራቸው አንድ ነገር ነበራቸው። የሀዋርዶቹን ያስተማረው ኃይሌም ፊትን ማንጣት እንዳይቀበሉ ያስተማራቸው ይመስለኛል። ኮዳክ ለብዙ ዓመታት የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉበትን ካርድ የሚያሳትመው በነጭ ሴት ፊት ነበር፤ «ሸርሊ» ይባል ነበር። ያ ፊት ካማረ ሥራው ተስተካክሏል ማለት ነው። ጠይምና ጥቁር ፊት በዚያ ልክ ሲታተም ዝርዝሩን ያጣ ነበር። የኮዳክ የፎቶ ፊልም ጥቁር ቡናማን በተሻለ እንዲይዝ ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ የሸጡት ዕቃ በማስታወቂያ ላይ አላምር ብሏቸው ነው። የሰው ፊት ያላስገኘውን ማሻሻያ ቸኮሌት አስገኘው። ይህን ባነበብሁበት ቀን በጣም አዝኛለሁ። ዛሬ በእጃችን ያሉት ዲጂታል ካሜራዎች ያ ድክመት በብዙ ቀንሶላቸዋል፤ ጠይም ፊትን በደብዛዛ ብርሃን አሳምረው ይይዛሉ። እኛ ግን በገዛ እጃችን መልሰን እናነጣዋለን።

አሁን ወደ ራሳችን ሰማይ እንምጣ። የካሜራ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ከተማው ላይ ፀሐይ እንዴት እንደምትወጣና እንደምትጠልቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ከውጭ አገር የማስተማሪያ ቪዲዮ አይገኝም። ሐረርና ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ላይ ናቸው። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናታችን ላይ ትቆማለች፤ አንድ ጊዜ ሚያዝያ 6 እና 7 አካባቢ፣ ሌላ ጊዜ ነሐሴ 20ዎቹ መጀመሪያ ላይ። በነዚያ ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላ አይኖረውም። ሚያዝያ ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ሙሽራው ሙሽራዋን ይዞ የሚወጣው፣ ከዚራ ዛፎች ሥር ፎቶ የሚነሡት አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ሰዓት ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የግንባር አጥንት ዐይን ላይ ጥላ ይጥላል፤ ዐይን ጉድጓድ ይሆናል፤ አፍንጫ ከንፈር ላይ ጥቁር ያወርዳል። የዛፎቹ ቅጠል ደግሞ ፊት ላይ ነጠብጣብ ይበትናል። ቀራጩ ይህን በኮምፒውተር ሊጠግን ይሞክራል፤ መንጣቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። አንድ ሰዓት አስቀድሞ ወደ አንድ የግድግዳ ጥላ ቢወስዳቸው ግማሹ ችግር ባልተፈጠረ ነበር።

ማታም ቢሆን ጊዜው አጭር ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች፤ እኛ ዘንድ ስትጠልቅ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ስለዚህ ከአድማስ 6 ዲግሪ ያህል ከፍ ካለችበት ጀምሮ እስክትጠልቅ 25 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው ያለን፤ በፓሪስ ኬክሮስ ይህ ከ35 ደቂቃ በላይ ይሆናል። የፈረንጅ መጻሕፍት «ወርቃማው ሰዓት» እያሉ የሚያሞግሱት ብርሃን ለእኛ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በሚያዝያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሙሽሮቹ አዳራሽ ገብተው መብራት ተተክሎባቸዋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ደግሞ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አለ። ደንገጎን የወጣ ሰው ብርሃኑ ሲለወጥ ያስተውለዋል፤ ድሬ አቧራ የጠጣ፣ ለስላሳ ቢጫ ብርሃን አላት፤ የሐረር ጠዋት ግን ጥርት ያለና ጠርዙ የሚቆርጥ ነው። ሁለቱንም በአንድ አስተካክሎ መቅረጽ ሁለቱንም መሳት ነው።

ለዚህ ሁሉ ትምህርት የሚሆን ቤት አለን። የሐረሪ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ በእኔ እምነት በአገራችን ካሉት ሁሉ የተሻለ የብርሃን ትምህርት ቤት ነው። ብርሃኑ በዋናነት የሚገባው በአንድ በር ነው። በሩ ፊት ለፊት ነደባ የሚባሉት መደቦች ደረጃ በደረጃ ከፍ እያሉ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱ የማን መቀመጫ እንደሆነ የቤቱ ሰው ያውቃል። ወለሉና የነደባው ፊት ቀይ አፈር ተቀብቷል፤ ቀዩ በ1887 እ.ኤ.አ. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። ግድግዳው ላይ ሰፌድ፣ ሙዳይና ሳህን ተደርድሯል። በበሩ አናት ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ለትዳር የደረሰች ልጅ እዚያ ቤት አለች ማለት ነው ይባላል። አሁን ሙሽራዋን በሩ አጠገብ፣ ከብርሃኑ በስተጎን አስቀምጧት። የፊቷ አንድ ወገን ከውጭ በሚገባው ብርሃን ይነካል፤ ሌላውን ወገን ደግሞ ከቀዩ ወለል የሚመለሰው ብርሃን በቀስታ ያሞቀዋል። በሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ብትገባ ይጨልማል፤ በሁለት እርምጃ ብትወጣ ይነጣል። የፊልም ባለሙያዎች በብዙ ሺህ ብር መብራት ሊሠሩት የሚደክሙትን ነገር የጥንት ግንበኞች በአንድ በር ሠርተውታል። ብዙዎቹ ቀራጮቻችን ግን እዚያ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር በባትሪ የሚሠራ ነጭ መብራት ካሜራው ላይ ሰክቶ ማብራት ነው። ነደባው፣ ሰፌዱ፣ አያትየዋ ሁሉም እኩል ይደምቃሉ፤ ቤቱም ቤት መሆኑ ይቀርና የዕቃ መደርደሪያ ይመስላል።

ትምህርት ቤት የለም እንዳይባል አዲስ አበባ ውስጥ አለ። አብርሃም ኃይሌ ብሩ ለቻዳዊው ዳይሬክተር ማሃማት ሳሌህ ሃሩን «አቡና» እና «ዳራት» የተባሉትን ፊልሞች የቀረጸ፣ ለ«አቡና» የምስል ሥራም ዋጋዱጉ በሚካሄደው ፌስፓኮ የተሸለመ ኢትዮጵያዊ ሲኒማቶግራፈር ነው፤ እርሱም ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚን አቋቁሟል። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ለዓመታት አዲስ አበባ መክረም ግን ለፎቶ ቤት ልጅ ቀላል አይደለም፤ ቤተሰብ የሚጦርበት ካሜራ ነውና።

ስለዚህ ያለን ምንድን ነው ብዬ ሳስብ ቀድሞ ያልታየኝ ነገር ታየኝ። የጄሲካን ሥራ ስናደንቅ «እርሷ አሥር ዓመት ነበራት፣ የእኛ ልጆች አንድ ቀን ነው ያላቸው» እንላለን፤ እኔም ብዬዋለሁ። ተሳስቼ ነበር። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያስቆጠረ የድሬዳዋ ፎቶ ቤት አንድ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ገብቷል? ታላቂቱ ስታገባ ገብቷል፤ ታናሺቱ ስታገባ ተመልሷል፤ የታላቂቱ ልጅ ስትሞሸር ሦስተኛ ይገባል። ያው ግቢ፣ ያው ዛፍ፣ ያው ነደባ፣ የሚያረጁ ያው ፊቶች። መመለስ ከሆነ ቁም ነገሩ፣ ከሠርግ ቀራጭ በላይ የተመለሰ የለም። እስከ ዛሬ ያልተደረገው፣ የቀረጸውን ለሥራ ብሎ መልሶ ማየት ብቻ ነው። ቪዲዮው ለደንበኛው ከተሰጠ በኋላ ዲስኩ ተደምስሶ ለሚቀጥለው ሠርግ ይዘጋጃል። ያልተቆረጠው፣ ያልነጣው፣ ሙሽሮቹ ያልታዩበት ትርፍ ቀረጻ አብሮ ይጠፋል። ለሲኒማቶግራፈር ግን ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነበር፤ የተሳሳተውን የሚያይበት፣ በየዓመቱ ዐይኑ ምን እንደተለወጠ የሚለካበት።

የፎቶ ቤት ባለቤቶችን የምለምናቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ከየሠርጉ ያልታረመውን ቀረጻ ሩብ ያህሉን እንኳ አስቀምጡ፤ በወር አንድ ማታ በራችሁን ዘግታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ግድግዳ ላይ እዩት፤ ለምን እዚህ ጋ ፊቷ አማረ፣ ለምን እዚያ ነጣ ብላችሁ ተከራከሩ። ለደንበኛውም ሁለት ፎቶ ስጡ፤ አንድ እንደ ፈለጉት የበራ፣ አንድ እንደ ነበረው። አስቀድመው የተቀረጹት የቪኤችኤስ ካሴቶች ደግሞ ጊዜ የላቸውም። የካሴት መግነጢሳዊ ጥብጣብ ከ10 እስከ 25 ዓመት ውስጥ መበላሸት ይጀምራል ይባላል፤ ሙቀት ደግሞ ያፈጥነዋል፤ ድሬ በግንቦትና በሰኔ ቀኑ 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል።

ባለፈው ወር መጋላ ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቶ ቤት ገብቼ የባለቤቱን ፈቃድ ጠየቅሁ። መደርደሪያው ላይ አቧራ የለበሱ ካሴቶች ነበሩ፤ በእጅ ጽሑፍ ወርና ዓመተ ምሕረት ተጽፎባቸዋል። ማጫወቻው አሁንም ይሠራል። «ሚያዝያ 1989» የሚለውን አስገባን። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ሙሽራዋ ቬሎዋን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በእግሯ ትሻገራለች፤ ሚዜዎቿ ይስቃሉ፤ ማንም መብራት አላበራባትም፤ ፊቷ ጠይም ነው። ቀራጩ ለአፍታ ካሜራውን ከእርሷ አንሥቶ ወደ ወንዙ ዳር ወሰደው። ከ250 በላይ ሰዎች ባለቁበት በሐምሌ 1998ቱ ሌሊት ጎርፍ የሄዱት ቤቶች እዚያ ቆመዋል፤ በአንዱ በር ላይ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች። ባለቤቱ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋና ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰው።